ሁለት ሞተር ካልሆነ አይገባም

ነጋሽ ሞተሩን አጥፍቶ የፓርኩ በር ላይ ሲቆም ከእግሩ እስከ ወገቡ ጭቃ በጭቃ ነበር። በር ላይ የመግቢያ ማለፊያ የምትቆርጠው ባዩሽ ግን ጭቃውንም አላየችለት፣ ሰላምታውንም አልጨረሰችለት። አንገቷን አስግጋ ከኋላው ያለውን መንገድ ቃኘችና፣ «ሁለተኛውስ?» አለችው።

«የምን ሁለተኛ?»

«ሁለተኛው ሞተር ነዋ! ጋሼ ነጋሽ፣ ብቻዎን ነው እንዴ የመጡት?»

አዎ፣ ብቻውን ነበር። በዚያ ዝናብ የጂንካ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ያበደ እሱ ብቻ ነው። የሚያሳብድ ነገር ስለሰማ ነዋ! ጠዋት እንጨት ቤቱ ውስጥ የሰው በር ሲልግ፣ ከፈረቃ የወጣ አንድ የፓርክ ጥበቃ ስካውት ሲያልፍ አየውና ቆመ። «ሰማህ ወይ? ታችኛው ካምፕ ካሉት ከአዲሶቹ ልጆች አንዱ ወድቆ ክፉኛ ተጎድቷል። በሬዲዮ ነው የተነገረው፤ ስሙ ሳይጠራ ባትሪው ሞተ መሰለኝ፣ ተቋረጠ» አለው። ሰውየው ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ነጋሽ ግን መላጊያውን የት እንደጣለው እስከ ዛሬም አያውቅም። ታችኛው ካምፕ ያሉት አዲስ ልጆች፣ እሱ እስከሚያውቀው፣ ሁለት ናቸው። አንደኛው የገዛ ልጁ በረከት ነው። ሌላኛውን ቆይተን እንደርስበታለን።

«ባዩሽ፣ ልጄ ሊሆን ይችላል እኮ። ክፈቺልኝ» አላት።

«ሰምቻለሁ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንጀቴ እያረረ ነው። ግን ሞተር ብቻውን አይገባም። ሁለት ሆኖ ይገባል፣ ሁለት ሆኖ ይወጣል።»

«እሱ ለጎብኚ ነው። እኔ አባት ነኝ!»

«አባትም ቢሆኑ በሞተር ከመጡ ጎብኚ ነዎት። ጎሹ አባት ነው ብሎ አይምርዎትም።»

ነጋሽ ለመነ። ተቆጣ። እንደገና ለመነ። የፓርኩ መኪና የት ገባች ቢል፣ አርባ ምንጭ ጋራዥ ናት፤ ብትኖርም ወንዙ ሞልቷል፣ የእንጨት ድልድዩ ሞተር እንጂ መኪና አይችልም አለችው። እንግዲያው አንቺ ሁለተኛ ሆነሽ ነይ ቢላት፣ «በምን? በመጥረጊያዬ?» አለችው። ቀልዷ ግን ከአፏ እንጂ ከልቧ አልነበረም። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አምና አንዱን አዝኜለት ብቻውን አስገባሁት። ጎሽ ገፍትሮ ጣለው። የሚጮህለት ሰው አጥቶ ጫካ ውስጥ አደረ። እግዜር አወጣው እንጂ እኔ ገድዬው ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ ብቻውን አላስገባውም» አለችው።

ነጋሽ ሄዶ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ቀስ እያለ አባራ። ነጋሽ ሁለት እጁን በጉልበቱ መሃል ሸጉጦ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ሞተር ላክልኝ። ማንም ይሁን ማን፣ ብቻ ይምጣልኝ» እያለ ጸለየ።

ብዙም ሳይቆይ ከጂንካ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ነጋሽ ብድግ አለ። ደስታው ግን ሞተሩ ኩርባውን እስኪዞር ድረስ ብቻ ነበር የቆየው። እግዚአብሔር ቀልድ ያውቃል ቢባል ነጋሽ የዚያን ቀን ሳይከራከር ያምን ነበር። የመጣው ስምዖን ነበር።

ስምዖን ማለት ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤቱ ነው። አጥር ለአጥር ናቸው፤ ያንዱ ዶሮ ሌላው ጓሮ ነው የምትውለው። የሌላኛው አዲስ ስካውት የታሪኩም አባት እሱ ነው። ታዲያ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። በመንገድ ሲገናኙ አንዱ ሰማዩን ያያል፣ አንዱ ጫማውን።

ጥፋቱ የነጋሽ ነው፤ እሱም ያውቀዋል። የስምዖን እናት እማማ ሽታዬ ሲሞቱ ነጋሽ ጣውላ ጭኖ ሲመጣ መኪናው ወይጦ ላይ ተበላሽቶበት ነበር። ሲመለስ ቀብሩ አልፏል፣ ድንኳኑም ፈርሷል። ያኔ በአቧራማ እግሩ በቀጥታ ገብቶ ቢያለቅስ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ልታጠብና ነገ በሰው ወግ እሄዳለሁ አለ። ነገ ሲሆን አፈረ። በሳምንቱ ይበልጥ አፈረ። በወሩማ፣ አሁን ብሄድ ቁስል መነካካት ነው ብሎ ራሱን አታለለ። እማማ ሽታዬ እኮ የሩቅ ሰው አልነበሩም! ልጅ ሆኖ እናቱ ገበያ ስትውል ቂጣ እየቆረሱ ያጎረሱት እሳቸው ናቸው። ስምዖንም በበኩሉ፣ «የእናቴን ለቅሶ ያልደረሰ ለእኔ ሞቷል» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ያን ቃል ነጋሽ ባገር ምድሩ አፍ ሰማው። በቃ፣ አበቃ። ልጆቹ ግን የአባቶቻቸውን ኩርፊያ ከምንም ሳይቆጥሩት አብረው ተማሩ፣ አብረው ተመዘገቡ፣ አብረው ፓርኩ ውስጥ ተቀጠሩ።

ስምዖን ሞተሩን አቁሞ ነጋሽን አየና ዓይኑን መለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያው ወሬ ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዶ እንዳገኘው ለመገመት ብልህ መሆን አያሻም።

«ባዩሽ፣ ክፈቺ» አለ።

«ጋሼ ስምዖን፣ እንኳን መጡ! ከጋሼ ነጋሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ ትገባላችሁ።»

ባዩሽ ማለፊያቸውን ጻፈች፣ መታወቂያቸውን ተቀበለች፣ ከዚያም እንደ አስተማሪ ፊታቸው ቆማ ሕጉን ነገረቻቸው። መብራት አብርታችሁ ሂዱ። ክላክስ የለም። ዝሆን መንገድ ላይ ካገኛችሁ ሞተር አጥፍታችሁ እስኪያልፍ ጠብቁ። አንዱ ሌላው ከዓይኑ ከጠፋበት ይቁም፣ ካልታየው ተመልሶ ይፈልገው። «አንዳችሁ ብቻውን ቢመጣ በሩን አልከፍትም፤ ከወዲሁ ይታወቅ» አለች።

«ባዩሽ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪልኝ» አለ ስምዖን፣ «ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ።»

«ባዩሽ፣ እሱንም ንገሪው፣ ጎማው ያለቀ ሞተር ከፊት አይመራም» አለ ነጋሽ።

«እኔ አስተርጓሚ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች ባዩሽ። «ሁለታችሁም አማርኛ ታውቃላችሁ፣ አሪኛ ታውቃላችሁ፤ በወደዳችሁት ተነጋገሩ! አንድ ልጅ እዚያ ወድቆ እናንተ ማን ይቅደም ትላላችሁ? ሂዱ ከፊቴ!»

ሄዱ። ነጋሽ ቀደመ፤ ጎማው በእርግጥም ይሻል ነበር።

መንገዱ ቁልቁል ነው። የጂንካ ብርድ ከኋላ ቀረ፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ከታች ተቀበላቸው፣ የገንዲ ዝንብም ከሞተር እኩል እየበረረ አንገታቸውን ይነክሳቸው ጀመር። ነጋሽ በመስታወቱ የስምዖንን መብራት እያየ ይነዳል። ሲርቅበት ይቆማል፣ ሲቀርብ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያየው ካልፈለገው ሰው ላይ አሁን ዓይኑን ሊነቅል አልተፈቀደለትም።

በሆዱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው። «ጌታ ሆይ፣ የእኔ ልጅ አይሁን። በረከት አይሁን።» ይህን ደጋግሞ ሲል ቆየና አንድ የጭቃ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ነገሩ ብልጭ አለበት። ልጆቹ ሁለት ናቸው። የእኔ አይሁን ማለት የማን ይሁን ማለት ነው? በመስታወቱ አየ። ስምዖን አፉ ይንቀሳቀሳል። ያም ሰው የሚጸልየው ይህንኑ ነው! አንዱ የሌላውን ልጅ ወደ ሞት እየገፋ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ማለፊያ ተያይዘው ይሄዳሉ። ነጋሽ ግን ጸሎቱን አላቆመም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። አባት ነው፣ ማቆም አልቻለም።

የእንጨት ድልድዩን ተራ በተራ ገፍተው ተሻገሩ። ትንሽ እንደሄዱ ኩርባው ላይ ነጋሽ ፍሬኑን ያዘ። ዝሆኖች! መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ማንም እንደማይጠብቃቸው፣ ማንም እንደማይቸኩል፣ ቅርንጫፍ እየሰበሩ ይበላሉ። ነጋሽ ሞተሩን አጠፋ። ስምዖንም መጥቶ ከጎኑ ቆመና አጠፋ። ወደፊት መሄድ የለም፣ ወደኋላ መዞር የለም፣ ድምፅ ማሰማት የለም። ሁለቱ ሰዎች ሞተራቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ጊዜው አልሄድ አለ። ነጋሽ ስምዖንን በጎን አየው፤ ከንፈሩ አሁንም ጸሎቱን ያነበንባል። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት የታሰረ ምላሱ በራሱ ጊዜ ተፈታ።

«ስምዖን» አለ በሹክሹክታ። «እማማ ሽታዬ …»

ስምዖን ፊቱን ሳያዞር፣ «አሁን ነው?» አለ፣ እሱም በሹክሹክታ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አጥሬ ሥር ተቀምጠህ፣ አሁን ዝሆን ፊት?»

«አሁን ነው። ወይጦ ላይ መኪና ተበላሸብኝ። ስመጣ ድንኳኑ ፈርሷል። አፈርኩ። በማግስቱ ባሰብኝ። አንድ ቀን ማታ በርህ ድረስ መጥቼ ነበር።»

«የእኔ በር?»

«ውሻህ ጮኸብኝ። አንተም ወጥተህ ማነው አልክ። ሮጥኩ።»

ስምዖን ቀስ ብሎ ዞሮ አየው። «አንተ ነህ? አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ ሌባ መስሎኝ ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሼ ነበር!»

«አውቃለሁ። ሌባውን ለመፈለግ ከወጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ባትሪ ይዤ።»

ስምዖን አፉን በእጁ አፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነጋሽ የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ ለካ እየሳቀ ነበር። ነጋሽንም ሳቅ ያዘው። ሁለት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን ሊውጡ ሲታገሉ ፊታቸው ቀላ፣ እንባቸው ወረደ። በዚህ መሃል አንዷ ትልቅ እናት ዝሆን ጆሮዋን ዘርግታ ወደነሱ ዞረች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። አየቻቸው። ከቁም ነገር የሚገቡ አልመሰሏትም መሰል ተመልሳ ወደ ቅርንጫፏ ሄደች።

ሳቁ ሲያልፍ የስምዖን እንባ አልቆመም። «እናቴ ታማ ተኝታ ነጋሽ መጣ ወይ ትል ነበር» አለ። «ከመንገድ ሲመለስ ይመጣል እላታለሁ። ልትሞት ስትል እንኳ ጠይቃኛለች። ምን ልበላት? ቂሜ ለእኔ አልነበረም፣ ለሷ ነው።»

ነጋሽ ይህን አያውቅም ነበር። እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ያውም ድምፅ ማሰማት በማይቻልበት ቦታ። ሲችል፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ሁለት ዓመት በጉሮሮው የቆመች ቃል ናት። ስምዖንም እጁን ዘርግቶ ትከሻውን ያዘና፣ «አብሮ ያጽናን» አለው።

ከዚያ ደግሞ፣ «ነጋሽ፣ መንገዱን ሙሉ ምን እያልኩ እንደመጣሁ ታውቃለህ?» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ስል ነው የመጣሁት።»

«ይቅር በለኝ።»

«አንተም ይቅር በለኝ።»

ዝሆኖቹ አንድ በአንድ ወደ ጫካው ገቡ። ነጋሽ ሞተሩን ሲያስነሳ ልቡ ቀሎት ነበር። አሁን የሚጸልየው ንጹሕ ጸሎት አግኝቷል። «ጌታ ሆይ፣ የእኔም አይሁን፣ የእሱም አይሁን። የሌላ ሰው ይሁን።» ይህን ሲል ምንም አልከበደውም፤ እንዲያውም ራሱን ደግ ሰው አድርጎ ቆጠረ። ቀሪውን መንገድ ይህን እያለ ነዳ።

ካምፑ ሲደርሱ መጀመሪያ የታየው ታሪኩ ነው። በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ጀሪካን ተሸክሞ! ስምዖን ሞተሩን እንደቆመ ማጥፋት እንኳ ረሳ፤ መሬት ላይ ወድቆ ይጮሃል። ልጁ ሮጦ መጥቶ አቀፈው። ስምዖን ልጁን አቅፎ ሳለ ግን ዓይኑን ወደ ነጋሽ አነሳ፤ ያ ዓይን ደስታውን ሊደብቅ ሲታገል ነጋሽ አየው። ታሪኩ ከዳነ እንግዲህ … ነጋሽ መደገፊያውን ሳያወርድ ሞተሩን ለቀቀው፣ ሞተሩም በጎኑ ወደቀ።

«አባዬ! አንተ ነህ እንዴ? ምን ሆነህ ነው?» የሚል ድምፅ ከድንኳኑ በስተኋላ መጣ። በረከት ነው። እጁ ሳሙና በሳሙና ነበር፤ ልብስ ሲያጥብ ቆይቶ ነው የመጣው።

ነጋሽ ልጁን ጭንቅላቱን ያዘ፣ ትከሻውን ዳሰሰ፣ እጁን ገልብጦ አየ፣ በመጨረሻም አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ «ተመስገን! ተመስገን! ተመስገን!» እያለ ሳሙናውን በፊቱ ሁሉ ለቀለቀው። ከዚያ ስምዖን መጥቶ በረከትን ሳመ፣ ነጋሽ ሄዶ ታሪኩን ሳመ፣ ሁለቱ አባቶች ደግሞ እርስ በርስ ተቃቀፉ። ልጆቹ እነዚህ ሰዎች አብደዋል ወይ ብለው ተያዩ። የአባቶቻቸው መታረቅ ይሁን ወይስ ጭቃቸው፣ የቱ ይበልጥ እንዳስደነገጣቸው አይታወቅም። ነጋሽ በዕድሜው እንደዚያች ሰዓት እፎይ ያለበት ጊዜ አልነበረም፤ ሰማዩ ሰፋ፣ ዝንቡ እንኳ ደስ አለው።

«ታዲያ የተጎዳው ማነው?» አለ ስምዖን፣ ገና እየሳቀ።

በረከት ፊቱ ተለወጠ። «ሱራ ነው። የአርቦሬ ልጅ ነው፤ ከላይኛው ካምፕ ተዛውሮ የመጣው በዚህ ሰሞን ነው። ትናንት ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሲያቃስት ነው ያደረው» አለ።

የነጋሽ ሳቅ ፊቱ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። የሌላ ሰው ይሁን ብሎ አልነበረም የመጣው? እነሆ ሌላው ሰው። ስም አለው።

ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከልጆቻቸው ብዙም የማይበልጥ ወጣት ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። እግሩን በእንጨት አስረውለታል። ከንፈሩ ደርቋል፣ ትኩሳቱ ከሩቅ ይሰማል። ውጪ የነበረውን ጩኸትና ሳቅ ሁሉ ሰምቷል። ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዘዋወረ።

«የበረከትና የታሪኩ አባቶች ናችሁ?» አለ። አማርኛው የአርቦሬ ለዛ አለው። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቻችሁ ደህና ናቸው። ትናንት እኔን በጀርባቸው ያወጡኝ እነሱ ናቸው።»

«አንተስ፣ ወገኖችህ ሰሙ ወይ?» አለው ስምዖን።

«አባቴ ከብቱን ይዞ ጨው ባሕር በኩል ነው። ስልክ የለውም። ማን ይነግረዋል?» አለ ሱራ። ቀጥሎም እንደ ቀላል ነገር፣ «ሞተር ስሰማ ለእኔ የመጣ ሰው መስሎኝ ነበር» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ነጋሽ አጠገቡ ተንበረከከ። የልጁን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ይፋጃል። ምን ብሎ ይናገር? መንገዱን ሁሉ አንተን ነው የሰጠሁት ይበለው? በገዛ ልጁ ፋንታ፣ ስሙን ሳያውቅ፣ ልቡ ቀሎት፣ ራሱን ደግ ነኝ እያለ?

«ላንተ ነው የመጣነው» አለው።

ሱራ ዓይኑን ተክሎ አየው። ነጋሽ ያን ዓይን መቋቋም አቃተው፤ ግን አልሸሸም።

«ከጠዋት ጀምረን ላንተ ነው የምንመጣው» አለ ስምዖን ከኋላው፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ዝሆን ዘግቶብን ነው የዘገየነው ልጄ። አሁን በሞተር ተሸክመን እናወጣሃለን። ሆስፒታል አጠገብህ ሆነን እናስታምምሃለን። አባትህንም አርቦሬ ወርጄ እኔ ራሴ እፈልገዋለሁ።»

ልጁ ከወደቀ ጀምሮ እንባ አልወጣውም ነበር አሉ። አሁን ግን የነጋሽን እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ደረቱ ላይ አደረገውና፣ እንባው እየወረደ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እፎይ» አለ።